ስለ አዲስ አበባ የቤት መግዣ ብድር ደንብ መታረም

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልጉት ምግብ፥ ልብስና ቤት መሆናቸው የታወቀ ነው። ከነዚህም ከሦስቱ ምግብ በየዕለቱ፥ ልብስም በየጊዜው ጥቂት በጥቂቱ ሊገዛ ሲቻል፥ ቤት ግን ብዙ ገንዘብ በአንድ ጊዜ የሚጠይቅ ስለ ሆነ፥ በወር ደመወዝ ወይም በዕለት ገቢ የሚተዳደር ሰው ያለ ብድር ባለቤት ለመሆን የሚችለው ከስንት አንዱ ነው። ስለዚህ የቤት ነገር በተነሣ ቍጥር የብድር ነገር አብሮ ይነሣል። የብድርም ነገር ሲነሣ፥ አበዳሪው ከቤቱ ዋጋ ስንት እጅ ይሰጣል ከሚለው ጥያቄ ይልቅ፥ ተበዳሪው ልጆቹን ሳያስርብ ከወር ገቢው ስንት ሊከፍል ይችላል የሚለው ጥያቄ መቅደም ይገባው ነበር። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሲሠራበት የኖረው የጋራ መኖሪያ ቤት ደንብ ግን የቆመው በፊተኛው ጥያቄ ላይ ነው። ደንቡ መታረም የሚያስፈልገውም ከዚሁ ከሥሩ ጀምሮ ነው።

ለከተማ ነዋሪ ቤት መግዣ ገንዘብ ማበደር በኢትዮጵያ እንግዳ ሥራ አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ከሆነ በኋላ፥ ቤት ለመሥራት የሚያስብ ሰው የሚበደርበት የቤቶችና ቍጠባ ባንክ ብዙ ዘመን አገልግሏል። ይኸው ባንክ ኋላ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተብሎ ስሙ ተለወጠ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋራ ተዋሐደ። እንዲህ ሆኖ ለቤት ጉዳይ ተለይቶ የቆመው የመንግሥት አበዳሪ ከስፍራው ተነሣ። የጋራ መኖሪያ ቤቱ ብድር ግን ቀድሞም በንግድ ባንኩ እጅ ስለ ነበረ፥ በዚያው ቀጠለ።

አስተዳደሩ እነዚህን ቤቶች መሥራት በጀመረበት ጊዜ፥ በ1997 ዓ.ም. ከ450 ሺህ የሚበልጥ ሰው ተመዘገበ። በ2005 ዓ.ም. ምዝገባው እንደ ገና ሲከፈት፥ ከፊተኞቹ መካከል ምዝገባቸውን ያደሱትን ጨምሮ ከ800 ሺህ የሚበልጥ ቤት ፈላጊ ስሙን አስጻፈ። ለሴቶች ከመቶ 30፥ ለመንግሥት ሠራተኞችም ከመቶ 20 እጅ ተለይቶ እንዲያዝ ተወሰነ፤ ይህም የሚመሰገን ነገር ነው። ብድሩ ግን የተከፈለው በገቢ ልክ ሳይሆን በቤቱ ዋጋ እጅ እጅ ነበር። 10/90፥ 20/80ና 40/60 የሚባሉት ስሞች የመጡት ከዚህ ነው። የፊተኛው ቍጥር ፈላጊው አስቀድሞ የሚያጠራቅመው፥ የኋለኛው ደግሞ ባንኩ የሚያበድረው መሆኑን ያመለክታል።

አንባቢ ነገሩን በጥራት ይመለከተው ዘንድ የቍጠባውን ልክ ማስታወስ ይጠቅማል። በ2005 ዓ.ም. በ20/80 የተመዘገበ ሰው ለስቱዲዮ በወር 151 ብር፥ ለባለ አንድ መኝታ 274፥ ለባለ ሁለት 561፥ ለባለ ሦስት 685 ብር 5 ዓመት እንዲያስቀምጥ ነበር የታዘዘው። እንግዲህ 151 ብር በ60 ወር ሲባዛ 9,060 ብር ይሆናል። ይህ ከዋጋው አንድ አምስተኛ ከሆነ፥ ደንቡ ሲወጣ የታሰበው የስቱዲዮ ዋጋ 45,300 ብር ነበር ማለት ነው። የባለ ሦስት መኝታውም በዚሁ ስሌት 205,500 ብር ይደርሳል። ዛሬ በዚህ ዋጋ በከተማው ውስጥ ቤት አለ ብሎ የሚከራከር አይገኝም።

ዋጋው ከፍ ያለበት ምክንያት ብዙ ነው፤ የሲሚንቶና የብረት መወደድ፥ የሥራው መጓተት፥ የገንዘብም መርከስ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለ ሆነ፥ ከውጭ የሚመጣው የሕንፃ ዕቃ ዋጋም ከፍ አለ። ቈጣቢው በዚህ ሁሉ መካከል የታዘዘውን አላጐደለም። በየወሩ ወደ ባንክ እየሄደ የተባለውን ሲያስገባ፥ የጠበቀው ቤት ደግሞ ከእርሱ ይልቅ በፈጠነ እግር ይሸሸው ነበር። ከመቶ 20 የሚለው ቃል በወረቀት ላይ አልተለወጠም፤ 20 እጅ የሚባለው ገንዘብ ግን በየዓመቱ ሌላ ሆነ። በእጅ የሚቈጠር ደንብ ጕድለቱ ይህ ነው። የቤቱን ዋጋ ይከተላል እንጂ የሰውየውን አቅም አያይም።

ይህ ጕድለት ሲብስ ብድሩ ብድር ለማያስፈልገው ሰው መሄድ ይጀምራል። በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ የመጀመሪያው የ40/60 ዕጣ ሲወጣ ቅድሚያ ያገኙት ከመቶ 40 የከፈሉት ሳይሆኑ ሙሉውን ዋጋ የከፈሉት ናቸው። በአስተዳደሩ በኩል ሲታሰብ ሥራው ገንዘብ ስለሚፈልግ ምክንያት ያለው ነገር ይመስላል። ዳሩ ግን ደንቡ የታሰበው ሙሉ ዋጋ ሊከፍል ለማይችል ሰው ነበርና፥ የደንቡ ስም በስፍራው ቀርቶ ትርጕሙ ተገለበጠ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው ከ25 ሺህ የሚበልጥ ቤት ዕጣ ደግሞ የተፈለገውን ያህል ያልቈጠቡ ሰዎች ስም ገብቶበት በመገኘቱ ተሰርዞ በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደ ገና ወጣ። አስተዳደሩ ስሕተቱን ራሱ አውጥቶ መሰረዙ የሚያስነቅፈው አይደለም። ሆኖም የቈጣቢው መዝገብ በባንክና በአስተዳደሩ መካከል ሲመላለስ እንዲህ ያለ ነገር የሚደርስበት ከሆነ፥ ማንኛውም አዲስ ደንብ አስቀድሞ መዝገቡን ማጥራት እንደሚኖርበት ግልጥ ነው።

አሁን ወደ ወር ክፍያው እንመለስ ከማለት በፊት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በሠራተኛ ሕግ ከወር ደመወዝ ላይ የሚቈረጠው ሁሉ ተደምሮ ከሲሶ እንዳይበልጥ ተደንግጓል። ይህ ሲሶ የሚባለው ልክ ለብድርም መልካም ሚዛን ነው። እንግዲህ 500 ሺህ ብር የሚያወጣ ቤት አለ ቢባል፥ ገዢውም 100 ሺህ ብር አስቀድሞ ከፍሎ 400 ሺህ ብር በዓመት ከመቶ 9.5 ወለድ ለ20 ዓመት ቢበደር፥ በየወሩ ከ3,700 ብር በላይ ይከፍላል። በ20 ዓመት የሚከፍለው ሁሉ ሲደመር ወደ 895 ሺህ ብር ይደርሳል። 3,700 ብር ሲሶ የሚሆነው ደግሞ ወርኀዊ ደመወዙ ከ11 ሺህ ብር በላይ ለሆነ ሰው ነው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 6,000 ብር ሆኗል፤ የዚህም ሲሶ፥ ግብርና የጡረታ መዋጮ ሳይቀነስ ቢታሰብ እንኳ፥ 2,000 ብር ነው።

በወር 2,000 ብር የሚከፍል ሰው ከላይ በተባለው ወለድና ዘመን ሊሸከም የሚችለው ብድር 214 ሺህ ብር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በዝቅተኛው ደመወዝ የሚያገለግለው ጥበቃ፥ ተላላኪና የጽዳት ሠራተኛ ዕጣ ቢወጣላቸውም እንኳ ያንን ቤት ለመያዝ ግማሽ መንገድ ያህል ይጐድላቸዋል።

ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ጕድለት ሲታይ የሚቀርበው ምክር ዘመኑን ማርዘም ነው። ሲሰማ ቀላል ይመስላል፤ በሒሳብ ሲመረመር ግን እጅግ ያሳዝናል። 20 ዓመት የነበረው ብድር 30 ዓመት ቢደረግ፥ በዚያው በ2,000 ብር የሚገኘው ብድር ከ214 ሺህ ወደ 238 ሺህ ብር ብቻ ያድጋል። ተበዳሪው ግን ስለዚህች 24 ሺህ ብር ያህል ጭማሪ ሲል 10 ዓመት ሙሉ ተጨማሪ ሲከፍል፥ የሚያወጣው ገንዘብ 240 ሺህ ብር ይሆናል። ዘመኑ እንዳለ ሆኖ ወለዱ ወደ ከመቶ 5 ዝቅ ቢል ግን፥ በዚሁ በ2,000 ብር ወርኀዊ ክፍያ 303 ሺህ ብር መበደር ይቻላል። እንግዲህ ድኻውን የሚያነሣው የዘመኑ መርዘም ሳይሆን የወለዱ መቀነስ መሆኑን ቍጥሩ ራሱ ይመሰክራል። ስለ ወለድ ክብደት በፍትሐ ነገሥት ያነበቡ ካህናት ይህን ነገር ለማስተዋል ብዙ ሐተታ አያስፈልጋቸውም።

እዚህ ላይ የወለዱን ልዩነት ማን ይከፍላል የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ጥያቄውም ትክክል ነው። ባንኩ የሚያበድረው የራሱን ገንዘብ አይደለም፤ የአስቀማጮችን ነው። አስቀማጩም ብዙውን ጊዜ ከተበዳሪው የማይሻል ድኻ ስለ ሆነ፥ ባንኩን ወለድህን ቀንስ ብሎ ማዘዝ የአንዱን ድኻ ሸክም በሌላው ትከሻ ላይ ማኖር ይሆናል። ልዩነቱን የሚከፍል አስተዳደሩ ነው። በተባለው ምሳሌ ባንኩ ከመቶ 9.5 ለማግኘት በወር 2,825 ብር ያህል ይፈልጋል፤ ተበዳሪው 2,000 ሲከፍል፥ አስተዳደሩ 825 ብር ይጨምራል። ይህም ለ10 ሺህ ቤተ ሰብ በዓመት 99 ሚሊዮን ብር ማለት ነው። ገንዘቡ ጥቂት አይደለም። ነገር ግን በመቶ ቢሊዮን ብሮች የሚቈጠር የዓመት በጀት ላለው ከተማ የማይቻል ነው ተብሎ የሚታለፍም አይደለም፤ ከዚህም ይልቅ ወጪው አስቀድሞ ታውቆ በመዝገብ ሊጻፍ መቻሉ ትልቅ ጥቅም አለው። ቤትን ከሚያወጣው ዋጋ በታች እየሸጡ ልዩነቱን በዕዳ መሸፈን ግን ማን ምን ያህል እንደ ተረዳ ሳይታወቅ የከተማውን ዕዳ ያከብዳል። የተበዳሪው ደመወዝ ሲያድግም የአስተዳደሩ ድርሻ እየቀነሰ እንዲሄድ በውሉ ቢጻፍ፥ 825 ብር ለ20 ዓመት የሚቀጥልበት ምክንያት የለም።

ወለዱ ቢቀነስም 500 ሺህ ብር በሚያወጣው ቤት ላይ ገና ወደ 97 ሺህ ብር ይጐድላል። ይህን ክፍተት ስለ መሙላት የሌላ አገር ልማድ ማየት ይጠቅማል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ከተማ የከተማው አስተዳደር ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለሚገዙ መካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ነዋሪዎች ወለድ የሌለበት ሁለተኛ ብድር ይሰጣል። ዋናውን ብድር የሚሰጠው ባንክ ነው፤ የከተማው ብድር ግን ክፍተቱን ይሞላል፤ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰውም ቤቱን እስኪሸጥ ወይም መኖሪያው መሆኑ እስኪቀር ድረስ አይጠየቅበትም። ይህ ደንብ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ሲሻሻል፥ ለአንድ ገዢ የሚሰጠው ትልቁ ልክ ከ80 ሺህ ወደ 202 ሺህ ዶላር ከፍ ተደረገ። የቤት ዋጋ ስለ ተወደደ አሳቡ በጎ ነበር። ነገር ግን ለእያንዳንዱ የሚሰጠው ሲበዛ ፈላጊውም አብሮ ስለ በዛ፥ የዓመቱ ገንዘብ የበጀቱ ዘመን ሳያልቅ አለቀና ብዙ ጠያቂ በደጅ ቀረ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለአዲስ አበባም ይሆናል፤ ሁለተኛው ብድር መልካም ነው፥ ልኩ ግን የሚቈረጠው ከሣጥኑ ጋራ ተመዛዝኖ መሆን አለበት።

በአዲስ አበባ እንዲህ ያለ ብድር ቢሠራበት አስተዳደሩ ያበደረውን 97 ሺህ ብር በብር ቍጥር ሳይሆን በቤቱ ድርሻ ቢይዘው ይሻላል። 97 ሺህ ብር ከ500 ሺህ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ገዢው ከብዙ ዓመት በኋላ ቤቱን ሲሸጥ ከሽያጩ አንድ አምስተኛ ለከተማው ሣጥን ተመልሶ ለሌላው ፈላጊ ይሆናል። ገንዘብ በሚረክስበት ዘመን ብሩን ብቻ መመለስ ለከተማው ኪሳራ ነውና። ከዚህም በቀር ዕጣ የወጣለትን ቤት ቶሎ ሸጦ ለማትረፍ የሚያስበውን ሰው ያቀዘቅዘዋል። እስከ ዛሬ ለዚህ የተደረገው መከላከያ ቤቱ 5 ዓመት እንዳይሸጥ መከልከል ነው፤ ክልከላ ግን በስውር ውል ሊታለፍ ይችላል፥ በቤቱ ካርታ ላይ የተጻፈ የከተማ ድርሻ ግን ከቤቱ ጋራ ይኖራል።

የወር ክፍያው ከአቅም በላይ ሲሆን የሚደርሰው ነገር ከቍጥር ይልቅ በሰው ሕይወት ላይ ይታያል። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰዎች መኖሪያን ጉዳይ የሚመለከተው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2011 ስለነዚሁ ቤቶች ባወጣው ጥናት፥ ዕጣ ከወጣላቸው ብዙዎች ብድሩን ለመክፈል ስላልቻሉ ቤቱን ለሌላ አከራይተው ራሳቸው በርካሽ ስፍራ እንደሚኖሩ ገልጧል። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ አንዲት ሴት 12 ዓመት ጠብቃ ቍልፍ ብትቀበል፥ ምድጃዋንም የምታኖርበት ስፍራ በአራተኛው ፎቅ ላይ ብታጣ፥ ደንበኞቿም በቀድሞው ሰፈር ቢቀሩ፥ ያንን ቤት ማከራየቷ ሊያስነቅፋት አይገባም። ብድሩ የተሰጣት ስለ ቤት ነበር፤ እርሷ ግን የተጠቀመችበት እንደ ኪራይ ገቢ ነው። ደንቡ ሲታረም የቤቱ ስፍራና የሥራው ስፍራ ርቀት እንዲሁም የመጓጓዣው ወጪ ከሲሶው ሒሳብ ጋራ አብሮ መታሰብ ያለበት ለዚህ ነው።

የዚህች ሴት ነገር ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። የደመወዝ ማስረጃ የሌለው ሰው ገቢው በምን ይመዘናል? በአዲስ አበባ ሸማኔው፥ ጫማ ሰፊው፥ የጕልት ነጋዴዋ፥ በአነስተኛ ደብር የሚያገለግለው ዲያቆን፥ ሁሉም ገቢ አላቸው፤ ማኅተም የተመታበት ወረቀት ግን የላቸውም ወይም የያዙት ወረቀት የሚያሳየው ገቢ ከእውነተኛው እጅግ ያነሰ ነው። እነዚሁ ሰዎች ግን ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በየወሩ ሳያቋርጡ በባንክ ያስገቡት ቍጠባ በመዝገብ ላይ አለ። ከ100 ወር በላይ ያላቋረጠ ሰው ከአንድ ቀን የደመወዝ ደብዳቤ ይልቅ የታመነ ምስክር አቅርቧል። የዕቍብ ዳኛና የእድር ሹም ስለ አባላቸው የሚሰጡት ቃልም ከዚህ ጋራ ቢታከል፥ አበዳሪው የተበዳሪውን ጠባይ ከማንም ይልቅ ከሚያውቁት ሰዎች ይሰማል። የባንክ ሹማምንት ይህን ሲሰሙ ማኅበር ዋስ መሆን አይችልም እንደሚሉ ይታወቃል። ዋስ ይሁን አልተባለም፤ ምስክር ይሁን ነው።

በመጨረሻ የዕድሜ ጉዳይ ሳይነሣ ሊቀር አይገባም። በ2005 ዓ.ም. ሲመዘገብ የ50 ዓመት ሰው የነበረ በ2018 ዓ.ም. 63 ዓመት ሆኖታል። የጡረታ ዕድሜ 60 ነውና ደመወዙ ቀርቶ በአበል ይኖራል፤ ዛሬ ዕጣ ወጥቶለት የ20 ዓመት ብድር ቢፈርም ዕዳው የሚያልቀው በ83 ዓመቱ ነው። ማንኛውም አበዳሪ በዚህ ዕድሜ ላይ ላለ ሰው ገንዘብ ለመስጠት ያመነታል፤ ሰውየውም ቢሆን በዚያ ዕድሜው ዕዳ ላይ መግባት ይከብደዋል። እንዲህ ያለው ተመዝጋቢ የዘገየው በራሱ ጥፋት ስላልሆነ፥ አብሮት የሚኖረው ልጁ ከአባቱ ወይም ከእናቱ ጋራ በአንድ ውል ፈርሞ የክፍያው ዘመን በልጁ ዕድሜ እንዲቈጠር፥ ቤቱም በሁለቱ ስም እንዲጻፍ፥ ልጅ የሌለውም ቢሆን የከተማው ሁለተኛ ብድር ከፍ ብሎለት ወርኀዊ ክፍያው ከአበሉ ሲሶ እንዳይበልጥ በሚታረመው ደንብ ውስጥ ራሱን የቻለ አንቀጽ ሊጻፍለት ይገባል። ይህን አንቀጽ ለማዘጋጀት የተመዝጋቢዎቹን የትውልድ ዘመን ከመዝገቡ አውጥቶ በየዕድሜው መቍጠር ይበቃል፤ ሥራውም የጥቂት ቀን ሥራ ነው።